በሳባህ ገጠራማ ምግብ ቤት የካዳዛን-ዱሱን ባህላዊ ምግብ መመገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካዳዛን-ዱሱን እነማን ናቸው? ምግባቸውን የሚያቀርቡት ቤቶችስ የት ይገኛሉ?

ካዳዛን-ዱሱን በማሌዢያ የሳባህ ግዛት፣ ማለትም በቦርኒዮ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ በግዛቲቱ ካሉት ነባር ብሔረሰቦች በቁጥር ትልቁን ቦታ ይይዛሉ። በባሕር ዳርቻው ሜዳ፣ በተለይ በፔናምፓንግና በፓፓር፣ የሚኖሩት ራሳቸውን ካዳዛን ብለው ሲጠሩ፣ በክሮከር ተራሮችና በኪናባሉ ተራራ ዙሪያ የሰፈሩት በአብዛኛው ዱሱን ይባላሉ። ሁለቱ ስሞች ተጣምረው እንደ አንድ ስም እንዲያገለግሉ የባህል ማኅበራቸው የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የምግባቸው መሠረት ሩዝ ነው፤ በሜዳው ውሃ በተኛበት ማሳ፣ በተራራው ደግሞ ዝናብ ብቻ በሚያጠጣው ተዳፋት ይዘራል።

ባህላዊውን ምግብ የሚያቀርቡ ገጠራማ ቤቶች በብዛት የሚገኙት በፔናምፓንግ ወረዳ፣ ዶንጎንጎን በምትባለው ከተማ ዙሪያና ከዚያ ወደ ታምቡናን በሚወጣው የተራራ መንገድ ዳር ነው። ፔናምፓንግ ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከኮታ ኪናባሉ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ለምሳ ሄዶ መመለስ አያስቸግርም።

"ገጠራማ" ሲባል ምን ዓይነት ቤት መጠበቅ ይገባል?

ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው የሳጎ ዘንባባ ቅጠል፣ ጠረጴዛው ወፍራም ሳንቃ የሆነ፣ በሩዝ ማሳ፣ በወንዝ ወይም በዓሣ ኩሬ ዳር የቆመ ክፍት አዳራሽ መጠበቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ማቀዝቀዣ ሳይሆን ማራገቢያ ነው የሚኖረው፤ ምሽት ላይ ትንኝ ስለሚበዛ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ ወይም የሚቀባ የትንኝ መከላከያ መያዝ ይበጃል። ምግቡ በሙዝ ቅጠል በተነጠፈ ሰፌድ ላይ ተደርድሮ ሊመጣ ይችላል፤ በዓል ሲሆንም በጥግ የተሰቀሉት ከበሮ መሳይ የነሐስ ጎንጎች ይመታሉ።

ይሁንና ቀርከሃ ምግብ አያበስልም። ለጎብኚ ፎቶግራፍ ብቻ ተብለው ያማሩ፣ ማዕድ ቤታቸው ግን ከከተማው ተራ ምግብ ቤት የማይለይ ቤቶች አሉ። ቤቱን ለመመዘን አስተማማኙ መንገድ ከዋናው ምግብ ጎን በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርቡትን ኮምጣጣዎች መቅመስ ነው። ባምባንጋን ከሚባለው የማንጎ ዘመድ ፍሬና ቱሃው ከሚባለው የዱር ዝንጅብል የሚሠራው ኮምጣጣ እዚያው በቤት ተዘጋጅቶ ከሆነ ሌላውም በጥንቃቄ የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከገበያ ተገዝቶ ከፕላስቲክ ዕቃ የተገለበጠ ከሆነ ግን ጎንጎቹም የቀርከሃው ግድግዳም ያንን አያካክሱትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ምን ይዘዝ?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት በዚህ ማዕድ ላይ ዋናው ሩዙ መሆኑ ነው። ወጥ እንጀራን ለማስበላት እንደሚሠራ ሁሉ፣ እዚህም ዓሣው፣ ኮምጣጣውና መራራው ሩዙን ለማስበላት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ሳህን ለብቻው ቀምሶ "ኮመጠጠ" ወይም "ጨው በዛበት" ብሎ መፍረድ ምግቡን ያለ ቦታው መመዘን ይሆናል።

ሩዙን ሊኖፖት በሚባለው መልኩ ማዘዝ ይመረጣል። ሩዙ ብቻውን፣ ወይም ከስኳር ድንች፣ ከጎደሬ ወይም ከዱባ ጋር ተደባልቆ፣ በሰፊ የዛፍ ቅጠል በትኩሱ ይጠቀለላል። ድሮ ወደ ማሳ የሚወርዱ ሰዎች ይህንኑ ጥቅል ስንቅ አድርገው ይቋጥሩት ነበር። ጥቅሉ ጠረጴዛ ላይ ሲፈታ ሩዙ ሳይፈርስ፣ የቅጠሉ ጅማት በላዩ ታትሞበት ይወጣል፤ የእርጥብ ቅጠል መዓዛም ይሰጣል። ቅጠሉ ስለማይበላ ሳህን ሆኖ ከሥር ይቀራል።

ከሩዙ ጋር ፒናሳካን ይታዘዛል። ይህ ባሱንግን በመሰሉ ትንንሽ የባሕር ዓሣዎች ወይም በወንዝ ዓሣ የሚሠራ ሲሆን፣ እርድ፣ ጨውና ታኮብ-አኮብ የሚባል የደረቀ ኮምጣጣ የፍሬ ልጣጭ ገብቶበት መረቁ እስኪመጥ ድረስ በዝግታ እሳት ላይ ይቆያል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ዓሣው በየጊዜው እየተሞቀ ለቀናት እንዲቆይ የሚያደርገው ይኸው ኮምጣጣነት ነበር። በታኮብ-አኮቡ ፈንታ ባምባንጋን የሚያስገቡ ቤቶችም አሉ።

ባምባንጋን በቦርኒዮ ደሴት ብቻ የሚበቅል የማንጎ ዘመድ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ቅርፊቱ ቡናማና ወፍራም፣ ሽታው ከማንጎ የበረታ ነው። ሥጋው በጨውና በተፈቀፈቀ የራሱ ዘር ታሽቶ ለቀናት ከተቀመጠ በኋላ ኮምጣጣ ማባያ ሆኖ ይወጣል። ቱሃው ደግሞ በራናው፣ በታምቡናንና በኬኒንጋው ከፍታዎች የሚበቅል የዱር ዝንጅብል ግንድ ሲሆን፣ ተከትፎ በኮምጣጤ፣ በጨውና በሚያቃጥል ቃሪያ ይነከራል። የቱሃው ሽታ የሳባህን ሰዎች እንኳ ለሁለት የሚከፍል ነው፤ አንዳንዱ ያለ እሱ ሩዝ አይወርድለትም፣ ሌላው ከጠረጴዛው እንዲነሣለት ይጠይቃል። ጸሐፊው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው።

ለሁለት ሰው አንድ ሂናቫ (በሎሚ የታሸ ጥሬ ዓሣ)፣ አንድ ፒናሳካን፣ አንድ ቅጠላ ቅጠል፣ አንድ ሾርባና ሁለት ዓይነት ኮምጣጣ ከሩዝ ጋር ከበቂ በላይ ነው። ምግቡ በጋራ የሚበላ እንጂ ለየሰው የሚታደል ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ሳህን ሲያዝ ጠረጴዛው ይሞላና ግማሹ ይተርፋል።

ሂናቫ ጥሬ ዓሣ ነው ይባላል፤ መብላቱ አያሰጋም?

አዎን፣ ጥሬ ዓሣ ነው። ቴንጊሪ የሚባለው የባሕር ዓሣ ከአጥንቱ ተለይቶ በስሱ ይቆረጥና ብዙ የሎሚ ጭማቂ ፈስሶበት በእጅ ይታሻል፤ ብርሃን ያሳልፍ የነበረው ሥጋ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭና ጠጠር ያለ ይሆናል። ከዚያ በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ይገባበታል። ከሌሎች አገሮች በሎሚ ከሚዘጋጁ ጥሬ ዓሣዎች የሚለየው ግን የተፈቀፈቀው የባምባንጋን ዘር ነው፤ ደረቅና በትንሹ መረር የሚል፣ የሎሚውን ስለት የሚገራ ጣዕም አለው። አንዳንድ ቤቶች በስሱ የተቆረጠ መራራ ቅል ይጨምሩበታል።

ስለ ጤናው በግልጽ መናገር ይገባል። ሎሚ የዓሣውን ሥጋ ያበሰለው ያስመስለዋል እንጂ እሳት እንደሚያደርገው ጥገኛ ትላትልንና ባክቴሪያን አይገድልም። ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ7 ቀናት ቢቆይ ትላትሉ ይሞታሉ፤ ባክቴሪያን ግን ቅዝቃዜ ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች፣ ትንንሽ ልጆች፣ በዕድሜ የገፉና በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሂናቫን ቢተዉት ይሻላል። ጥሬ ሥጋ የለመድን ሰዎች "ለእኛ ምንም አይደለም" የምንለው ነገር እዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ከዓሣ የሚመጣው ጥገኛ ከበሬ ከሚመጣው የተለየ ነው። ሌላው ሰው ደንበኛ የሚበዛበትን ቤት መርጦ፣ ዓሣው የዕለቱ መሆኑን ጠይቆ፣ ሲታዘዝ የሚታሸውን እንጂ ከጠዋት ጀምሮ በሳህን የተቀመጠውን ባይቀበል መልካም ነው።

ቦሶው ምንድን ነው? ሽታውስ ስለምን ይበረታል?

ቦሶው፣ ወይም በባሕር ዳርቻው ካዳዛኖች አጠራር ኖንሶም፣ ተብላልቶ የኮመጠጠ ዓሣ ወይም የአሳማ ሥጋ ነው። የጸዳው ዓሣ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ ሩዝ፣ ከጨውና ከተወቀጠ የፓንጊ ዘር ጋር ይደባለቅና አየር እንዳይገባው በማሰሮ ወይም በጠርሙስ ተጠቅጥቆ ይታሸጋል። ሩዙ ለኮምጣጣ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ እነሱ የሚያወጡት አሲድ ዓሣውን ከብስባሴ ይጠብቀዋል፤ ፓንጊውም በበኩሉ ያግዛል። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሰሮው ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ስለታም ነው፤ ምግቡ ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም። የተበላሸው የሚለየው መረቁ ሲያዘግግ፣ ላዩ ሻጋታ ሲያወጣና ሽታው ከኮምጣጣነት ወደ ግማት ሲለወጥ ነው።

ስለ ፓንጊ አንድ ማስጠንቀቂያ ማስፈለጉ አይቀርም። ትኩሱ ዘር ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለበት መርዛማ ነው፤ ማዕድ ቤት የሚገባው ተቀቅሎ፣ በውሃ ተዘፍዝፎና ደርቆ ነው። የአገሩ ሰዎች ይህን ከእናቶቻቸው ተምረው ይሠሩታል፤ ከገበያ ትኩስ ዘር ገዝቶ በራስ መሞከር ግን ከቶ አይገባም።

ቦሶው ከቃሪያ ጋር እንዳለ፣ ወይም ከዝንጅብልና ከሽንኩርት ጋር ተጠብሶ ይቀርባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው የተጠበሰውን ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ እሳቱ ሽታውን ይቀንሰዋል፣ ኮምጣጣነቱ ግን አይጠፋም። በአንድ ጉርሻ ሩዝ ላይ የጥፍር ታህል ብቻ ማድረግ በቂ ነው።

ቡቶድ የሚባለውን ትል መብላት ግዴታ ነው?

ከቶ አይደለም። ቡቶድ በሳጎ ዘንባባ ግንድ ውስጥ የሚያድግ የጢንዚዛ እጭ ነው። ዘንባባው ተቆርጦ ሲጣል ጢንዚዛዋ ትጥልበታለች፤ ከሳምንታት በኋላ ግንዱ ሲፈለጥ የአውራ ጣት ያህል የወፈሩ፣ ቢጫ ያዘሉ ነጭ እጮች ይገኙበታል። ከነሕይወቱ የሚበላው ራሱን በጣት ይዞ፣ ገላውን ነክሶ፣ ጠንካራውን ራስ በመጣል ነው፤ ተጠብሶ ሲቀርብ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እንደ ቅባት ይቀልጣል። በፔናምፓንግ የሐሙስና የዓርብ ገበያም በሕይወት እያለ ይሸጣል።

ምግብ ቤቶች ለጎብኚ ቀድመው የሚያሳዩት እሱን ነው፤ ስልክ ተደግኖ፣ ተጮሆ ይበላል። ጸሐፊው ይህን ዓይነቱን ትዕይንት አይወደውም፤ ቡቶድ ለአገሬው ሰው ስብና ፕሮቲን የሚሰጥ የዘወትር ምግብ እንጂ የድፍረት መፈተኛ አይደለም። መብላት የፈለገ ሰው በጸጥታ ቢበላው፣ ያልፈለገም በትሕትና ቢተወው ማንንም አያስቀይምም። አንድ የሕክምና ጉዳይ ግን አለ፤ ሽሪምፕና ክራብ የሚያስቆጣው ሰው በነፍሳትም ሊቆጣ ስለሚችል ፈጽሞ ባይሞክረው ይሻላል።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በእነዚህ ቤቶች ሊመገብ ይችላል?

ይችላል፤ ነገር ግን መጠየቅ አለበት። አብዛኞቹ ካዳዛኖች ክርስቲያኖች፣ በፔናምፓንግም በተለይ ካቶሊኮች በመሆናቸው አሳማ በማዕዳቸው የተለመደ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም አሳማ ስለማይበላ፣ "ክርስቲያን ቤት ነው" ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። "አዳ ባቢ?" የሚለው የማላይኛ ጥያቄ "አሳማ አለበት?" ማለት ሲሆን፣ ስለ ቦሶው፣ ስለ ሾርባውና ስለ ተጠበሰው ቅጠላ ቅጠል በየተራ ቢጠየቅ መልሱ ያለ ማወላዳት ይሰጣል።

ለሙስሊም ተመጋቢ ጉዳዩ ከዚህ ይሰፋል። በማሌዢያ የሐላል ማረጋገጫ የሚሰጠው በመንግሥት የሃይማኖት ተቋማት ነው፤ አልኮል የሚያቀርብ ቤትም ማረጋገጫውን አያገኝም። "ከአሳማ ነፃ" የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ቢለጠፍ ሐላል ማለት አይደለም፤ እርዱም፣ ድስቱም፣ ወጡ ውስጥ የሚገባው የሩዝ ወይንም መታየት አለበት። በተለይ የዶሮው ሾርባ ምንም ንጹሕ ቢመስል ሊሂንግ በሚባለው የሩዝ ወይን የሚሠራ ነው። የሐላል ማረጋገጫ ይዘው የሳባህን ባህላዊ ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች በኮታ ኪናባሉ ይገኛሉ፤ እነሱ ዘንድ ሂናቫውም፣ ባምባንጋኑም፣ ቱሃዉም አይጎድልም።

በጾም ወቅት የሚበላ ነገር ይኖራል?

ይኖራል፤ ሊኖፖቱ፣ የባምባንጋንና የቱሃው ኮምጣጣው፣ የዱር ፈርን ቅጠሉና ሳዩር ማኒስ የሚባለው ለስላሳ ጎመን በብዛት ይቀርባሉ። ችግሩ ያለው በማይታየው ነገር ላይ ነው። ፈርኑ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው ብላቻን በሚባል ተፈጭቶ በተብላላ ሽሪምፕ ነው፤ ሳዩር ማኒሱ ውስጥ እንቁላል ይፈሰሳል፤ ሎሱን የሚባለው የዱር ሽንኩርት ቅጠልም ከትንንሽ ደረቅ ዓሣዎች ጋር ይታመሳል። ስለዚህ "አትክልት ብቻ" ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ ያለ ብላቻን፣ ያለ እንቁላልና ያለ ደረቅ ዓሣ እንዲሠራ፣ በነጭ ሽንኩርት ብቻ እንዲጠበስ መናገር ያስፈልጋል። አብሳዮቹ ይህን ሲጠየቁ አይከፋቸውም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርሰው።

ሊሂንግ ምን ዓይነት መጠጥ ነው? እንዴትስ ይጠጣል?

ሊሂንግ ከሚጣበቅ የሩዝ ዓይነት የሚጠመቅ ወርቅማ፣ ጣፋጭና በትንሹ ኮምጠጥ የሚል ወይን ነው፤ በስም የታወቀው የታምቡናኑ ነው። ሩዙ ተቀቅሎ በሰፌድ ላይ ተበትኖ ይቀዘቅዛል፤ ሳሳድ የሚባለው ደረቅ እርሾ ተወቅጦ ይነሰነስበታል፤ ከዚያ በጋን ታሽጎ ለሳምንታት ይቀመጥና ፈሳሹ እየጠለለ ይወጣል። በቀርከሃ ኩባያ የሚቀርብ ሲሆን ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ስለሚደብቅ በልክ መጠጣት ይገባል። ከእሱ የሚለየው ታፓይ ከነሩዙ በጋን ሆኖ፣ ውሃ እየተጨመረበት በቀጭን የቀርከሃ መምጠጫ በየተራ ይጠጣል። ሞንቶኩ ወይም ታላክ የሚባለው ደግሞ ከእነዚህ የሚወጣ ጠንካራ አረቄ ነው፤ ከማይታወቅ ቤት የመጣውን አለመቅመስ ይመረጣል።

ሊሂንግ መጠጥ ብቻ አይደለም። ዶሮ በዝንጅብልና በሊሂንግ ሲቀቀል የሚወጣው ሾርባ የአራስ ምግብ ነው፤ የወለደች ሴት ገላዋ እንዲሞቅና ጉልበቷ እንዲመለስ ይሰጣታል። በምግብ ቤቶቹ ከሚቀርቡት ሁሉ ለእንግዳ ሰው ምላስ የሚቀርበው ይህ ሾርባ ሳይሆን አይቀርም። መኪና የሚነዳ ሰው ግን ወይኑ በሾርባ ውስጥም መኖሩን ያስታውስ፤ ከምሳ በኋላ በግራብ መተግበሪያ ታክሲ መጥራት ይቀላል።

የዱር ሥጋ ቢቀርብልኝ ልብላ?

ሲናላው ባካስ፣ ማለትም በጭስ የደረቀ የዱር አሳማ፣ በሳባህ መንገዶች ዳር ከድሮ ጀምሮ የሚሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ግን የአፍሪካ አሳማ ቸነፈር ወደ ሳባህ ገብቶ የቤት አሳማዎችንም፣ ጢማሙን የቦርኒዮ የዱር አሳማም ክፉኛ ጨርሷል። በሽታው ሰውን አይዝም፤ ሆኖም አሁን "የዱር" ተብሎ የሚቀርበው ሥጋ የቤት አሳማ ሊሆን ስለሚችል በዱር ዋጋ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የግዛቲቱ የዱር እንስሳት ሕግ ለአደን ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ እንደ ፓንጎሊን ያሉትን ደግሞ ፈጽሞ ይከለክላል። ምንነቱ በግልጽ ያልተነገረን ሥጋ አለመቀበል ከሁሉ ይሻላል።

የወንዝ ዓሣው ጉዳይ የሚያስደስት ነው። ታጋል በሚባለው ሥርዓት የየመንደሩ ሰዎች ወንዛቸውን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክልል ከፍለው፣ በቀዩ ከቶ እንዳይጠመድ፣ በቢጫው በዓመት በተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲጠመድ፣ በአረንጓዴው እንዲፈቀድ ያደርጋሉ። በፔናምፓንግ ባባጎን ወንዝ የዚህ ሥርዓት ፍሬ በዓይን ይታያል፤ ሰውን የማይፈሩ ትልልቅ ዓሣዎች እግር ሥር ይርመሰመሳሉ።

በማዕድ ላይ ምን ዓይነት ሥርዓት ይጠበቃል?

ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በቀርከሃ የተነጠፈ ከሆነ ጫማ ይወልቃል። ሊኖፖትን እጅ ታጥቦ በቀኝ እጅ መብላት ነውር የለበትም፤ ማንኪያና ሹካም ይቀርባል። ከጋራው ሳህን የሚቀዳው በማውጫ ማንኪያ ነው። "ኮፒቮሲያን" ብሎ ሰላምታ መስጠትና ሲጨርሱ "ኮቶሁዓዳን" ብሎ ማመስገን አስተናጋጇን ፈገግ ያሰኛል።

የማይፈለግ ምግብ ሲቀርብ አንድ የቆየ ልማድ ይረዳል። በቦርኒዮ የቀረበለትን ምግብ እንዲሁ ትቶ የሚሄድ ሰው በመንገድ ክፉ ያገኘዋል የሚል እምነት አለ፤ ስለዚህ የማይበላ ሰው ሳህኑን ወይም ኩባያውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ያመሰግናል፣ በዚህም ሁለቱም ወገኖች ይረካሉ። ቡቶድን፣ አሳማን ወይም መጠጥን ማለፍ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ይህ ከረጅም ማብራሪያ ያድነዋል።

ሩዝን ሳህን ላይ ማስተረፍ ግን እንደ ነውር ይቆጠራል። በካዳዛን-ዱሱን ትረካ፣ ረሃብ በጸና ጊዜ ፈጣሪው ኪኖይንጋን አንድያ ልጁን ሁሚኖዱንን ለሕዝቡ ሠዋት፤ ከገላዋም ሩዙና ሌላው እህል በቀለ። ጥቂት አንስቶ ደግሞ መጨመር፣ ብዙ ቆልሎ ከመተው ይመረጣል።

መቼ መሄድ ይሻላል? ቦታ ቀድሞ መያዝስ ያስፈልጋል?

የሐሙስ ወይም የዓርብ ምሳ ይመረጣል፤ የዶንጎንጎን ባህላዊ ገበያ የሚቆመው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ ማዕድ ቤቶቹ ትኩስ ቅጠላ ቅጠልና ዓሣ ይገዛሉ፣ እንግዳውም ከምሳ በፊት ገበያውን ዞሮ በጥሬው ያየውን በሳህን ሊለየው ይችላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቦች ከነልጅ ልጆቻቸው ስለሚመጡ ጠረጴዛ ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. የሜይ ወር ሙሉ የካማታን፣ የመኸር በዓል፣ ወር ነው። ዋናዎቹ የበዓል ቀናት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 እና 31፣ በሳባህ ሥራ ዝግ ሲሆኑ፣ በፔናምፓንግ በሚገኘው በሆንግኮድ ኮይሳአን የባህል አዳራሽ የሱማዛው ጭፈራና የኡንዱክ ንጋዳው የቁንጅና ውድድር ይካሄዳል። በዚያ ሰሞን ምግቡ በየዳሱ በገፍ ይገኛል፤ ገጠራማዎቹ ምግብ ቤቶች ግን ወይ ጢም ብለው ይሞላሉ፣ ወይ ባለቤቶቹ ራሳቸው በዓል ለማክበር ይዘጓቸዋል። በሌላው ጊዜም ቢሆን ቢያንስ በዋዜማው መደወል ተገቢ ነው፤ ሊኖፖትና በጭስ የደረቀ ሥጋ ቀድሞ ካልታዘዘ የሚያልቅበት ቀን ይበዛል።

ዋጋውና አከፋፈሉ እንዴት ነው?

ክፍያው በሪንጊት ነው። ከምናሌው ብዙው በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ሳህን ይሸጣል፤ ለሁለት ሰው ትንሹ ይበቃል። ሙሉ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚተመነው በ100 ግራም ስለሆነ ከመታዘዙ በፊት አስመዝኖ ዋጋውን መስማት ሒሳብ ሲመጣ ከመደንገጥ ያድናል። በገጠር ካሉት የባንክ ካርድ የማይቀበሉ ስላሉ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም።

ከልጆች ጋር መሄድ ይቻላል?

ይቻላል። የቃሪያው ነገር ከሩዙ ተለይቶ በጎን ስለሚቀርብ ልጆች አይቸገሩም፤ ሊኖፖቱን መፍታት ራሱ ያስደስታቸዋል። ሊሂንግ ያለበትን ሾርባና ሂናቫውን ግን አይስጧቸው፤ ኩሬና ወንዝ ዳር ባሉ ቤቶችም ከዓይን አይራቁ።

ወደ ሳባህ ለመግባት የተለየ ነገር ያስፈልጋል?

ሳባህ የራሷ የኢሚግሬሽን ቁጥጥር ስላላት፣ ከኳላ ላምፑር በአገር ውስጥ በረራ ቢመጡም ፓስፖርት ይታያል። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከኮታ ኪናባሉ ወደ ፔናምፓንግ በታክሲ መሄድ ቀላል ነው፤ ወደ ታምቡናን ግን መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ፣ ከሰዓት በኋላም ጉም የሚበዛበት ስለሆነ በጠዋት መነሣት ይሻላል።

ኮምጣጣዎቹን ገዝቶ ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል?

የቱሃውና የባምባንጋን ኮምጣጣ በጠርሙስ ታሽጎ በገበያውና በአንዳንዶቹ ምግብ ቤቶች ይሸጣል። ፈሳሽ ስላለበት በእጅ ሻንጣ አያሳልፉትም፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በሁለት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ሽታው ልብስን ለሳምንት አይለቅም። ደርቆ እንደ ቃጫ የተፈተፈተው የቱሃው ዓይነት ከሁሉ ለመንገድ ይመቻል። ቦሶው ግን የሥጋና የዓሣ ውጤት በመሆኑ ብዙ አገሮች በጉምሩክ ይይዙታል፤ ማሰሮው በሙቀትም መብላላቱን ስለሚቀጥል ክዳኑን አስፈንጥሮ ሊከፈት ይችላል።